የፊት ዲፈረንሻል ከመግዛትዎ በፊት

ጠያቂው ያቀረቡት ጉዳይ ባጭሩ የሚከተለው ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የ2008 ሞዴል የሆነ፣ ባለ 2.5 ሊትር ናፍጣ ቶዮታ ሃይሉክስ ደብል ጋቢና ፒክአፕ አላቸው፤ በጊንጪ ዙሪያ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ለሥራ ይመላለሱበታል። ባለፈው ክረምት ዋልካ ጭቃ ውስጥ ሲገቡ ዘንጉን ወደ ኤች 4 (አራቱም ጎማዎች ወደሚነዱበት ቦታ) ቢያስገቡም የኋላ ጎማዎች ብቻ እየዞሩ መኪናው ባለበት ተቀረቀረ፤ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው አረንጓዴ መብራትም ብልጭ ድርግም ይላል እንጂ ጸንቶ አይበራም። ከዚያ ወዲህ በሰዓት ከ50 እስከ 60 ኪሎ ሜትር ሲነዱ ከፊት በኩል የማጉረምረም ድምፅ ይሰማሉ፤ በአንደኛው የፊት አክስል መግቢያ ላይም ዘይት ያረጥባል። መኪናውን ያየው መካኒክ የፊት ዲፈረንሻሉ (ጉልበትን ለሁለቱ የፊት ጎማዎች የሚያከፋፍለው የጥርስ ሳጥን) እንደተበላና ያገለገለ ሙሉ ዲፈረንሻል ተገዝቶ መቀየር እንዳለበት ነግሯቸዋል። የእሳቸው ጥያቄ "ልግዛ ወይስ አስቀድሞ መታየት ያለበት ነገር አለ?" የሚል ነው።

መልሴ፣ አሁን አይግዙ የሚል ነው። የጻፉትን ደጋግሜ ሳነበው የታየኝ መኪናዎ ላይ ሦስት የተለያዩ ብልሽቶች መኖራቸው ነው፤ በአንድ ወቅትና በአንድ አካባቢ ስለታዩ አንድ ትልቅ ብልሽት መሰሉ እንጂ ምንጫቸው አንድ አይደለም። ይህን ያልኩት በግምት አይደለም። እርስዎ ራስዎ እንደ ተጨማሪ ወሬ በመልእክትዎ መጨረሻ ላይ የጠቀሷቸው ሁለት ነገሮች ለእኔ ከሁሉም የበለጠ ነግረውኛል። አንደኛው፣ አስፋልት ላይ በኤች 4 ሆነው መሪውን እስከ መጨረሻ ጠምዝዘው ሲዞሩ ከኤች 2 (የኋላ ጎማዎች ብቻ ከሚነዱበት ቦታ) ምንም ልዩነት አለመሰማቱ ነው። ሁለተኛው፣ የሚያጉረመርመው ድምፅ በኤች 2ም ሆነ በኤች 4 ያው መሆኑና ወደ ቀኝ በሚታጠፍ መንገድ ላይ መጉላቱ ነው። የእነዚህን ትርጉም ለመረዳት ግን የመኪናዎ የፊት ጎማዎች ጉልበት የሚያገኙበትን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል።

በኤች 2 የሞተሩ ጉልበት በካምቢዮውና ከኋላው በተገጠመው ትራንስፈር፣ ማለትም በረዳት ካምቢዮው በኩል አልፎ ወደ ኋላ ጎማዎች ብቻ ይሄዳል። ወደ ኤች 4 ሲያስገቡ ሁለት የተለያዩ ግንኙነቶች መፈጠር አለባቸው። የመጀመሪያው በትራንስፈሩ ውስጥ ሲሆን ዘንጉን በእጅዎ ሲስቡ የሚፈጸም ነው፤ የፊት ፕሮፔለር ሻፍቱን፣ ማለትም ጉልበቱን ወደ ፊት ዲፈረንሻሉ የሚያደርሰውን ረዥም ተሽከርካሪ ብረት፣ ከኋላው ጋር ያቆራኘዋል። ሁለተኛው በፊት ዲፈረንሻሉ ጎን ባለው ቱቦ ውስጥ የሚፈጸም ሲሆን እጅዎ ጨርሶ አይደርስበትም። እዚያ አንድ ባለ ጥርስ ተንሸራታች ቀለበት አለ፤ ይህን ቀለበት አንዲት ሹካ ትገፋዋለች፤ ሹካዋን ደግሞ በቫኪዩም (በአየር መሳብ ኃይል) ወይም በትንሽ ኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠራ አክቹዌተር ያንቀሳቅሳታል። ቶዮታ ይህን ሥርዓት ኤ.ዲ.ዲ. ብሎ ይጠራዋል፤ በጎማ መሃል ላይ በእጅ የሚዞሩትን የድሮ ፍሪ ዊል መቆለፊያዎች የተካው እሱ ነው።

ቀለበቱ ባልተያያዘበት ጊዜ፣ ማለትም በኤች 2፣ አንዱ የፊት ጎማ ከዲፈረንሻሉ ጋር እንደተያያዘ ይቀራል፤ የሌላው ጎማ አክስል ግን መሃል ላይ የተቆረጠ ያህል ነው። የተያያዘው ጎማ በመንገድ ላይ ሲዞር በዲፈረንሻሉ ሆድ ውስጥ ያሉት ትናንሽ ጥርሶች እንቅስቃሴውን ተቀብለው በሌላው ወገን ያለውን ግማሽ አክስል በተቃራኒ አቅጣጫ ያዞሩታል፤ ያ ግማሽ አክስል ከምንም ጋር ስላልተያያዘ በነጻነት ይሽከረከራል። በዚህ ምክንያት ኮሮናና ፒኞኑ፣ ማለትም በዲፈረንሻሉ ውስጥ ያለው ትልቁ ክብ ጥርስና እሱን የሚያዞረው ትንሹ ጥርስ፣ እንዲሁም የፊት ፕሮፔለር ሻፍቱ፣ መኪናው እየሄደ ሳለ ቆመው ይቀራሉ። ይህን ነጥብ በደንብ ይያዙልኝ፤ ስለ ድምፁ ስናወራ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ መጀመሪያው ምልክት ልሂድ። የእርስዎ ትራንስፈር በፊትና በኋላ መካከል ልዩነት የሚያስተናግድ የመሃል ዲፈረንሻል የለውም፤ ኤች 4 ውስጥ የፊትና የኋላ ፕሮፔለር ሻፍቶች በግድ እኩል ይዞራሉ። መኪና ሲታጠፍ ግን የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የሰፋ ቅስት ስለሚጓዙ በደረቅ አስፋልት ላይ ሥርዓቱ ይታነቃል፤ መሪው ይከብዳል፣ መኪናው ፍሬን እንደያዘ ዓይነት ይጎተታል፣ አንዳንዴም ጎማ ይዘላል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ብልሽት ቆጥሮ ወደ ጋራዥ ይመጣል፤ በእውነቱ ግን ፎር ዊሉ መያዙን የሚያረጋግጥ ምልክት ነው። እርስዎ ዘንድ ይህ መታነቅ ጨርሶ አልታየም። ስለዚህ መብራቱ ብቻ ተበላሽቶ ሳይሆን የፊት ጎማዎች በእርግጥም አልተያያዙም ማለት ነው። ሙከራውን ግን አስፋልት ላይ አይድገሙት፤ ሥርዓቱ ጤነኛ ቢሆን ኖሮ በትራንስፈሩና በአክስሎቹ ላይ ከባድ ጫና ያሳድር ነበር። መድገም ካስፈለገ ልቅ ጠጠር ያለበት ሜዳ ላይ በእግር ጉዞ ፍጥነት ያድርጉት።

የመብራቱም ብልጭ ድርግም ማለት ራሱን የቻለ መልእክት አለው። ኤች 4 መጠየቁን የሚያበስር ስዊች ትራንስፈሩ ላይ አለ፤ የቀለበቱን መያያዝ የሚናገር ሌላ ስዊች ደግሞ በፊት ዲፈረንሻሉ በኩል አለ። የመጀመሪያው ምልክት ደርሶ ሁለተኛው ሲቀር መብራቱ ይርገበገባል። በብርድ ጠዋት፣ ወይም የቀለበቱ ጥርሶች ገጥመው እስኪገቡ ድረስ፣ ለጥቂት ሴኮንዶች ቢርገበገብ ጤነኛ ነው፤ ቀጥ ብሎ በዝግታ መንዳት፣ ነዳጅ ረገጥ ለቀቅ ማድረግ ወይም ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ መሄድ አብዛኛውን ጊዜ ያስገባዋል። ጨርሶ ካልበራ ግን ጥርጣሬው ወደ ትራንስፈሩ ስዊች፣ ወደ ሽቦው ወይም ወደ አምፖሉ ይዞራል። የእርስዎ መርገብገቡ ትራንስፈሩ ድርሻውን ሳይወጣ አልቀረም፣ የቀረው ከፊት ያለው ነው የሚል ነው።

"ሳይወጣ አልቀረም" ማለት ግን ማረጋገጫ አይደለምና ገንዘብ የማይጠይቅ አንድ ምርመራ ያድርጉ። መኪናውን ደልዳላ መሬት ላይ ያቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ይሳቡ፣ የኋላ ጎማዎችን ከፊትም ከኋላም በድንጋይ ወይም በእንጨት ያስደግፉ። ሁለቱንም የፊት ጎማዎች በክሪክ ከመሬት አንስተው ሻሲውን በብረት መቆሚያ ላይ ያሳርፉ፤ በክሪክ ብቻ ከተያዘ መኪና ሥር እጅም ሆነ ራስ አይግባ። ካምቢዮው ፎሌ ላይ ሆኖ ሞተሩን ያስነሡ፣ ወደ ኤች 4 ያስገቡ፣ አንድ ደቂቃ ያህል ይጠብቁና ሞተሩን ያጥፉ። ከዚያ አንዱን የፊት ጎማ በእጅዎ ሲያዞሩ ሌላ ሰው ሌላኛውን ጎማ ይመልከት፣ የፊት ፕሮፔለር ሻፍቱንም በእጁ ለማዞር ይሞክር። የቀለበቱ ጥርሶች ፊት ለፊት ተጋጭተው ከሆነ በመጀመሪያው ዙር ላይ "ቀጭ" ብለው ሊገቡ ይችላሉ፤ ስለዚህ በአንድ ጊዜ አይወስኑ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ያዙሩ፤ ሁለቱንም ጎማዎች በየተራ ይሞክሩ።

ከሚያዩት ነገር በሦስት መንገድ አንዱ ይሆናል። ፕሮፔለር ሻፍቱ ቆሞ ሌላኛው ጎማ በተቃራኒ አቅጣጫ ከዞረ፣ ሁለቱም ግንኙነቶች ተፈጥረዋል፤ መኪናው ፎር ዊል ሆኗል። ፕሮፔለር ሻፍቱ ቆሞ ሌላኛው ጎማም ንቅንቅ ካላለ፣ ትራንስፈሩ ይዟል፣ የኤ.ዲ.ዲ. ቀለበት ግን አልገባም። ፕሮፔለር ሻፍቱ ራሱ በነጻ የሚዞር ከሆነ ደግሞ ችግሩ ከትራንስፈሩ ወይም ከዘንጉ ማያያዣ ነው። እርስዎ የገለጹልኝ ሁኔታ ሁለተኛውን ውጤት እንድጠብቅ ያደርገኛል። ዲፈረንሻሉ ውስጥ ጥርስ ተሰብሮ ቢሆን ኖሮ ይህን ስታደርጉ መቆርጠም፣ መያዝና መልቀቅ በእጃችሁ ይሰማችሁ ነበር፤ ያ ከሌለ "ተበልቷል" የሚለው ፍርድ ገና ማስረጃ አላገኘም።

ውጤቱ እንደጠበቅሁት ከሆነ አክቹዌተሩን ይፈልጉ። ከፊት ዲፈረንሻሉ ጎን በሚወጣው ረዥሙ ቱቦ ላይ ተቀምጧል። ወደ እሱ የሚመጡት ሁለት ቀጫጭን የጎማ ቱቦዎች ከሆኑ የቫኪዩም ዓይነት ነው፤ ወፍራም የኤሌክትሪክ ሶኬት ከሆነ ደግሞ ባለ ሞተር ነው። ቶዮታ እንደ ዘመኑና እንደ ገበያው ሁለቱንም ስለገጠመ በሞዴል ዓመት ብቻ መወሰን ያሳስታል፤ ተኝቶ ማየት ይሻላል።

የቫኪዩም ዓይነት ከሆነ ዕድለኛ ነዎት፤ በቤት ውስጥ መሣሪያ ይመረመራል። አንዱ ቱቦ ሲሳብ ሹካዋ ቀለበቱን ታያይዛለች፣ ሌላው ሲሳብ ትለያያለች። ኤች 2 ላይ ሆነው ሁለቱን ቱቦዎች አክቹዌተሩ ላይ አቀያይረው ይሰኩና ሞተሩን ያስነሡ። ከዚያ ሞተሩን አጥፍተው የተነሡትን ጎማዎች እንደ ቅድሙ ሲያዞሩ ቀለበቱ ገብቶ ካገኙት፣ አክቹዌተሩም ሹካዋም ቀለበቱም ጤነኞች ናቸው ማለት ነው። ኤች 2 ላይ ፕሮፔለር ሻፍቱ ነጻ ስለሆነ መግባቱን የሚያውቁት ሁለቱን የፊት ጎማዎች ሁለት ሰው እኩል ወደ ፊት ሲያዞራቸው ሻፍቱ አብሮ በመዞሩ ነው። በዚህ ጊዜ ጥፋቱ ከላይ፣ ማለትም ቫኪዩሙን በሚያከፋፍሉት ሶሌኖይድ ቫልቮች፣ በሽቦአቸው ወይም በፊውዛቸው ላይ ነው። ቱቦዎቹን ካቀያየሩም በኋላ ካልገባ፣ የቱቦውን ጫፍ በጣት ዘግተው መሳቡን ይፈትሹ። ካልሳበ ቱቦው የሆነ ቦታ ተሰንጥቋል ወይም ወልቋል፤ በሙቀትና በአቧራ የደረቀ ጎማ ቱቦ የሚሰነጠቀው ብዙውን ጊዜ ከመሰኪያው አፍ ላይ ነውና ሁለት ሳንቲ ሜትር ቆርጦ መልሶ መሰካት የሚበቃበት ጊዜ አለ። በደንብ እየሳበ አክቹዌተሩ ካልተንቀሳቀሰ ግን በትልቅ የሕክምና መርፌና በአጭር ቱቦ አክቹዌተሩን ስበው ይያዙ፤ የተሳበው ወዲያው ከላላ በውስጡ ያለው የጎማ ዳያፍራም ተቀድዷል።

የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ በራሱ ቫኪዩም አይፈጥርም፤ ቫኪዩም የሚሠራለት ለብቻው የተገጠመ ፓምፕ ነው፤ ያው ፓምፕ የፍሬን ማቅለያውንም ያገለግላል። ስለዚህ ፎር ዊሉ እምቢ ባለበት ሰሞን የፍሬን ፔዳሉም ከብዶ ከነበረ፣ ሌላውን ሁሉ ትተው ፓምፑንና ዋናውን ቱቦ አስቀድመው ያሳዩ። እዚህ ላይ የሚያሳስበኝ ጭቃው ሳይሆን ፍሬኑ ነው፤ ይህ ምልክት ካለ መኪናው ሳይመረመር ከተማ ውስጥም ቢሆን አይነዳ።

ባለ ሞተሩ ዓይነት ከሆነ የተለመደው ጠላት ውኃ ነው። ወንዝ ሲሻገሩ ወይም በጭቃ ውስጥ ሲዋኙ ከሶኬቱ ወይም ከመክደኛው የገባ እርጥበት ፒኖቹን አረንጓዴ ያደርጋቸዋል፣ ሞተሩንም ያደርቀዋል። ሶኬቱን ነቅለው ይመልከቱ፤ ዝገት ካለ በኤሌክትሪክ ማጽጃ ስፕሬይ ያጽዱት። ሌላ ሰው ዘንጉን ከኤች 2 ወደ ኤች 4 ሲያመላልስ ጆሮዎን ወደ አክቹዌተሩ ያስጠጉ፤ አጭር የሞተር ድምፅ መሰማት አለበት። ድምፅ ከሌለ በመልቲሜትር ሶኬቱ ላይ ኃይል መምጣቱን ይለኩ፤ ኃይል እየመጣ ካልሠራ ጥፋቱ የአክቹዌተሩ ነው፣ ኃይል ካልመጣ ግን አክቹዌተር መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ተፈትቶ በሚገጠምበት ጊዜ ሹካዋ በቀለበቱ ጎድጓዳ መስመር ውስጥ በትክክል መግባቷ መረጋገጥ አለበት፤ ሳትገባ ከታሰረ አዲሱም አክቹዌተር እንደ አሮጌው መብራቱን ሲያርገበግብ ይኖራል።

በምርመራው ፕሮፔለር ሻፍቱ በነጻ ዞሮ ካገኙት ደግሞ የትራንስፈሩን ዘንግ ማያያዣ ፒኖችና ፕላስቲክ ቡሺንጎች ያሳዩ፤ ተበልተው ዘንጉ ሙሉ ጉዞውን እንዳያደርግ ይከለክላሉ። ይህ ጤነኛ ሆኖ ካልያዘ ብቻ ትራንስፈሩ ይፈታል።

ወደ ድምፁ እንምጣ። ቀደም ብዬ በኤች 2 ኮሮናና ፒኞኑ እንደማይዞሩ ገልጫለሁ። የማይዞር ጥርስ ደግሞ አያጉረመርምም። እርስዎ ድምፁን የሚሰሙት በኤች 2 ከሆነ፣ የኮሮናና ፒኞን መበላት ወይም የእነሱ ኩሽኔታ መጎዳት የድምፁ ምንጭ ሊሆን አይችልም። ወደ ኤች 4 ሲገቡ ፕሮፔለር ሻፍቱና ኮሮናው መዞር ይጀምራሉ፤ እነሱ የተጎዱ ቢሆኑ ኖሮ ድምፅ የሚጨመረው ያኔ ነበር። በተቃራኒው በኤች 2 የሚሰማና ኤች 4 ሲገባ የሚጠፋ ድምፅ ቢሆን ኖሮ፣ በዲፈረንሻሉ ውስጥ የአንደኛውን ጎን አክስል የሚሸከመውን ባለ መርፌ ኩሽኔታ እጠረጥር ነበር፤ ይህ በቶዮታ የፊት ዲፈረንሻሎች ላይ የታወቀ ድካም ነው። የእርስዎ ድምፅ ግን አልጨመረም፣ አልጠፋምም። ኤች 2 ይሁን ኤች 4 የማይገደው፣ ከጎማው ጋር ሁልጊዜ የሚዞር ነገር ነው፤ እሱም የጎማው ኩሽኔታ ወይም ጎማው ራሱ ነው።

ወደ ቀኝ ሲታጠፉ የመኪናው ክብደት ወደ ግራ ያዘነብላል። ድምፁ ያኔ ከጎላ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የግራ ፊት ጎማ ኩሽኔታ ነው። መኪናው ለቅድሙ ምርመራ በተነሣበት አጋጣሚ ወደ ኤች 2 መልሰው ይህንንም ይፈትሹ፤ ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ያወዛውዙት፣ ከዚያም አንድ እጅዎን በሞላው ላይ አሳርፈው በሌላው ጎማውን ያዙሩ። የተበላ ኩሽኔታ ገና ድምፅ ሳያሰማ ንዝረቱ በሞላው በኩል ወደ መዳፍ ይደርሳል፤ ከቀኙ ጋር ሲያነጻጽሩት ልዩነቱ ይገለጥልዎታል። የዚህ ትውልድ ሃይሉክስ የጎማ ኩሽኔታ የታሸገ ስለሆነ ግራሶ ተቀብቶ፣ ዳዶ ጠብቆ የሚታደስ አይደለም፤ በፕሬስ ወጥቶ ይቀየራል። ኩሽኔታውን በመዶሻ መትቶ የሚያስገባ ጋራዥ ካጋጠመዎት ሥራውን ወደ ሌላ ይውሰዱት፤ በመዶሻ የገባ አዲስ ኩሽኔታ ዕድሜው አጭር ነው። ጎማ ፊቱ ላይ ደረጃ ደረጃ ሆኖ ተበልቶ ከሆነም ተመሳሳይ ማጉረምረም ይሰጣልና ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት የፊቱን ጎማ ወደ ኋላ አዛውረው ድምፁ አብሮ መሄዱን ይመልከቱ።

ዘይቱን በተመለከተ በአክስሉ መግቢያ ላይ ያለው ማርጠብ በአብዛኛው የዘይት ማገቻው ጎማ መድከም ነው። ይህም በራሱ ዲፈረንሻል አያስቀይርም፤ ቸል ከተባለ ግን ያስቀይራል። ማገቻው የሚደክምበት አንዱ ምክንያት የዲፈረንሻሉ መተንፈሻ በጭቃ መደፈኑ ነው፤ ሲሞቅ የታመቀው አየር ዘይቱን በማገቻው በኩል ይገፋዋል፣ የሞቀው ዲፈረንሻል ወንዝ ውስጥ ሲገባ ደግሞ በድንገት ቀዝቅዞ ውኃውን በዚያው በኩል ወደ ውስጥ ይስባል። ማገቻ ቀይሮ መተንፈሻውን ሳያጸዳ የሚመልስ መካኒክ ከጥቂት ወራት በኋላ ያንኑ ሥራ ይደግመዋል።

ስለዚህ ዘይቱን ያስቀይሩ፣ ሲወርድም በቦታው ይገኙ፤ ስለ ዲፈረንሻሉ ጤንነት እውነተኛውን ምስክርነት የሚሰጠው የሚወርደው ዘይት ነውና። መሙያውን ታፖ ከማፍሰሻው አስቀድመው ያስፈቱ፤ የመሙያው ታፖ ዝጎ እምቢ ቢል፣ ዘይቱን ካፈሰሱ በኋላ ከሚያውቁት ቀድመው ቢያውቁት ይሻላል። ዘይቱ እንደ ወተት ከነጣ ውኃ ገብቷል። የማፍሰሻው ታፖ ማግኔት ላይ እንደ ጭቃ የላመ ግራጫ ዱቄት ቢገኝ የዕድሜ መበላት ነውና አያስደንግጥ፤ የሚቆረቁር፣ በጣት ሊለቀም የሚችል የብረት ስባሪ ከተገኘ ግን መካኒክዎ ልክ ነበር፣ ዲፈረንሻሉ መፈታት አለበት። አዲሱ ዘይት ጂ ኤል 5 ደረጃ ያለው፣ 75 ደብልዩ 90 ወይም 80 ደብልዩ 90 የሆነ የዲፈረንሻል ዘይት ይሁን፤ ከመሙያው ቀዳዳ የታችኛው ከንፈር እስከ 5 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ መድረስ አለበት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ዲፈረንሻሉ በእርግጥ ተጎድቶ ቢገኝና ያገለገለ መግዛት ግድ ቢሆን፣ ከዋጋው በፊት የሚጠየቅ አንድ ነገር አለ፤ የጥርስ ምጥጥኑ። ከውጭ ፍጹም አንድ የሚመስሉ ሁለት ዲፈረንሻሎች ውስጣቸው ሊለያይ ይችላል። ኮሮናው 41 ጥርስ፣ ፒኞኑ 10 ጥርስ ያለው 4.100 ይሆናል፤ 43 በ11 የሆነው ደግሞ 3.909 ነው። የኋላው 4.100 ሆኖ ሳለ ፊት ላይ 3.909 ቢገጠም፣ ኤች 4 ላይ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ 5 በመቶ ያህል ፈጥነው ለመዞር ይገደዳሉ፤ በ10 ኪሎ ሜትር ጉዞ ወደ 490 ሜትር የሚጠጋ ልዩነት በመንሸራተት ብቻ መወጣት አለበት። በኤች 2 ምንም አይታወቅም፣ መኪናው ከጋራዥ እየሳቀ ይወጣል። አንድ ጊዜ እንዲህ የተገጠመለት ፒክአፕ መጥቶልኝ ነበር፤ ባለቤቱ ፎር ዊል ሲያስገባ ዘንጉ ተጣብቆ አልወጣ ስላለው ትራንስፈሩን ሁለት ጊዜ አስፈትቶ ምንም ጥፋት አላገኘበትም። ጥፋቱ ከወራት በፊት በተገዛው የፊት ዲፈረንሻል ውስጥ ነበር። የመኪናዎ መለያ ሰሌዳ ላይ የአክስሉ ኮድ ተጽፏል፤ ኮዱን ይዘው ይሂዱ፤ ሻጩ የወረደበትን መኪና ኮድ ማሳየት ካልቻለ ጥርሶቹ ሳይቆጠሩ አይክፈሉ። የቆጠራው አሠራር ቀላል ነው፤ ፒኞኑን ኮሮናው አንድ ሙሉ ዙር እስኪዞር ድረስ እያዞሩ ይቁጠሩ፣ ከአራት ዙር ጥቂት ካለፈ 4.100፣ አራት ሳይሞላ ከቀረ 3.909 ነው።

በጎማም በኩል ተመሳሳይ ጉዳት ይደርሳል። ሁለት አዲስ ጎማ ገዝቶ ከኋላ ማሰርና ያለቁትን ከፊት መተው በእኛ አገር የተለመደ ነው። ቁጥሩ 265/65 አር 17 የሆነ ጎማ በጥርሱ ላይ 7 ሚሊ ሜትር ሲያልቅ የዙሩ ርዝመት ወደ 2 በመቶ ይጠጋል የሚያንሰው። ለጭቃ ይህ የሚያስከትለው ነገር የለም፤ ጠጠር መንገድ ላይ ረዥም ሰዓት በኤች 4 ለሚነዳ ግን ትራንስፈሩ ዋጋውን ይከፍላል።

አክቹዌተሩ ተበላሽቶ መለዋወጫው እስኪገኝ ክረምቱ ከደረሰብዎት፣ አክቹዌተሩ ወርዶ ቀለበቱ በተያያዘበት ቦታ ላይ እንዲቆም ማድረግ ይቻላል። አንዳንድ ባለሙያዎች ይህን ይነቅፋሉ፤ እኔ በአግባቡ ከተሠራ አልነቅፈውም። መቆለፊያቸው ሁልጊዜ ተቆልፎ ከሚነዱ የድሮ ሃይሉክሶች የተለየ አይደለም፤ በኤች 2 የፊቱ ዲፈረንሻልና ፕሮፔለር ሻፍት በባዶ ይሽከረከራሉ፣ ነዳጅ በጥቂቱ ይጨምራል፣ መኪናው ግን አደጋ ላይ አይወድቅም። ሁለት ነገር ብቻ ይጠበቅ፦ ቀለበቱ እየተንቀጠቀጠ ግማሽ በግማሽ እንዳይይዝ በጽኑ ይታሰር፣ የአክቹዌተሩም ቦታ ውኃ በማያስገባ መክደኛና ማሸጊያ ይዘጋ። ከዚያ በኋላ በኤች 2 ሲነዱ አዲስ ኡኡታ ከዲፈረንሻሉ ቢሰሙ፣ ያኔ ኮሮናና ፒኞኑ እየዞሩ ነውና ስለ እነሱ ጤንነት የመጀመሪያውን ማስረጃ አገኙ ማለት ነው።

ሥርዓቱ ከታደሰ በኋላ በበጋም ቢሆን በወር አንድ ጊዜ 16 ኪሎ ሜትር ያህል በጠጠር ወይም በአፈር መንገድ ላይ በኤች 4 ይንዱት፤ ቶዮታም በመመሪያው የሚመክረው ነው። ቀለበቱና ሹካዋ በዘይት ካልታጠቡ ይደርቃሉ፤ ከመስከረም እስከ ግንቦት ሳይነካ የቆየ ኤ.ዲ.ዲ. እምቢ የሚለው በሰኔ የመጀመሪያው ዝናብ ነው። በሚያስገቡበት ጊዜ ጎማዎቹ ቀጥ ብለው፣ ፍጥነትዎም በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በታች ይሁን፤ የኋላ ጎማ በጭቃ እየተሽከረከረ ሳለ ግን ፈጽሞ አያስገቡ፤ ኤል 4 (ዝቅተኛ ፍጥነትና ከፍተኛ ጉልበት የሚሰጠው ፎር ዊል) የሚገባው መኪናው ፍጹም ቆሞ ፍሪሲዮን ሲረገጥ ብቻ ነው። ምርመራውን ካደረጉ በኋላ ከሦስቱ ውጤቶች የትኛውን እንዳዩ፣ የአክቹዌተሩን ዓይነትና ከዘይቱ ጋር የወረደውን ነገር ቢጽፉልኝ ቀጣዩን እርምጃ አብረን እንወስናለን።